ጢያን እናውቃለን፤ የቀሩትስ?

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዙ። አዋሽ ድልድይ አካባቢ መልካ ቁንጡሬ አለ። የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ አሻራውን የተወበት ቦታ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጎን ገባ ብትሉ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። መንገዱን ቀጥላችሁ ከአዲስ አበባ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ስትጠጉ ጢያ ትደርሳላችሁ። ጢያ የሚገኘው በሶዶ ወረዳ ነው። (የጉራጌው ሶዶ ነው፤ ከወላይታ ሶዶ ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ።)

ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። በ32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብ ቅርጽና ሌሎች ትርጉማቸው በውል ያልተፈታ ምልክቶች ተቀርጸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት ማለት ነው። እስከዚህ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ፖስት ካርድ ላይ አይተነዋል።

ልብ ያላልነው ግን እዚያው የዩኔስኮ መግለጫ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ጢያ በሶዶ አካባቢ እስካሁን ከተገኙ ወደ 160 የሚጠጉ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች መካከል ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ነው ትላለች።

አንዱ! ከ160 አንዱ!

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ከቀሩት ውስጥ የሦስቱን ስም የምትጠሩ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የአንዱንስ? የአካባቢው ተወላጅ ካልሆናችሁ፣ ወይም ሙያችሁ አርኪዮሎጂ ካልሆነ፣ መልሱን መገመት አይከብድም። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ እነዚህ ስለማንጠራቸው ነው። ሶዶን ምሳሌ አደረግሁ እንጂ ነገሩ የሶዶ ብቻ አይደለም። ይህን የምታነቡ ሁሉ የመጣችሁበትን ወረዳ አስቡ። የጦር ሜዳ፣ የድሮ ገበያ፣ የነገሥታት ማረፊያ፣ የጥንት መቃብር፣ ሽማግሌ የሚያውቀው ልጅ የማያውቀው ዋርካ የሌለበት ወረዳ የለም።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በገጠር ወረዳ ላለ ቅርስ ከሙዚየም በፊት፣ ከሎጅ በፊት፣ ከፌስቲቫል በፊት የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳና አንድ መዝገብ ነው። ሰሌዳው ቦታው ምን እንደሆነ በትክክል የሚናገር፣ መዝገቡ ደግሞ ቦታው ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ። ይህ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ስለሆነም ማንም አይሠራውም።

ቅርስ እንዴት ይሞታል?

ቅርስ ሲባል አእምሯችን ውስጥ የሚመጣው ሌባ ነው። ሌሊት መጥቶ የብራና መጽሐፍ ወይም የነሐስ መስቀል ሰርቆ አየር ማረፊያ ላይ የሚያዝ ሰው። ሌባ አለ፣ አልክድም። ሆኖም የገጠሩን ቅርስ በብዛት የሚገድለው ሌባው አይደለም። የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

ትክል ድንጋይ ማሳ መሃል ቆሟል እንበል። በሬ ሲታረስ ያስቸግራል። አንድ ዓመት ዙሪያውን ያርሱታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠጋ ብለው ያርሱታል። ሥሩ ይለቅና በክረምት ይወድቃል። ወድቆ የተኛ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ነው። አንዱ ለአጥር ይወስደዋል፣ አንዱ ለመድረክ ያደርገዋል፣ ሌላው ምርጥ የቢላ መሳያ ነው ይላል። የገጠር መንገድ ሲሠራ ደግሞ ኮንትራክተሩ ጠጠርና ድንጋይ ይፈልጋል። የዶዘር ሹፌሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነው፤ ፊቱ ያለው ድንጋይ የ800 ዓመት ይሁን የትናንት በምን ያውቃል? የሚነግረው ሰሌዳ የለ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ገበሬው ልጆቹን ሊያበላ ያርሳል፤ ሹፌሩ የታዘዘውን ይሠራል። በመጨረሻ ግን አንድ የመቃብር ስፍራ ጠፍቷል። በጢያ የተደረገው ቁፋሮ እንዳሳየው ከትክሎቹ ሥር የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። እነማን ነበሩ? በጦርነት አለቁ? በሽታ ነበር? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የቀሩት ቦታዎች ሁሉ ያስፈልጋሉ። አንድ ገጽ ተገንጥሎ ከተቀመጠ መጽሐፍ ሙሉውን ታሪክ ማንበብ አይቻልም። ጢያን አጥረን ጠብቀን ሌሎቹን ብንተዋቸው፣ ያደረግነው አንዷን ገጽ በመስታወት አኑሮ መጽሐፉን ለእሳት መስጠት ነው።

ገበሬው ለምን ዝም ይላል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፤ ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ ማንቀሳቀስና ማበላሸት ክልክል ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

አሁን ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አስቀምጡ። ግማሽ ሄክታር መሬት አላችሁ። ስታርሱ የተቀረጸ ድንጋይ አገኛችሁ። ሄዳችሁ ብታሳውቁ ምን ይመጣል? ከወረዳ ሰው ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ወይ ተመልሶ አይመጣም፣ ወይ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ «ይህ ቦታ የቅርስ ስፍራ ነው፣ እንዳታርስ» ይላል። መጀመሪያው ምንም አይጠቅማችሁም። ሁለተኛው ልጆቻችሁን ያስርባል። ዝም ብላችሁ ድንጋዩን ገልብጣችሁ ብታርሱ ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ገበሬውን «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ማለት ስድብ ነው። ሒሳቡን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ችግሩ ያለው ማሳወቅ ኪሳራ፣ ማጥፋት ትርፍ የሆነበት አሠራር ላይ ነው። ስለዚህ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» እያልን ውሎ አበል ከምናወጣ፣ በዚያ ገንዘብ ድንጋዩ ማሳው ውስጥ ላለ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የጥበቃ ክፍያ ብንሰጥ ይሻላል። ድንጋዩ የቆመበትን ሦስት ክንድ መሬት ሳያርስ ለሚተው ሰው፣ ከሦስት ክንድ መሬት የሚያገኘውን እህል ዋጋ መክፈል ለማንኛውም ወረዳ ከባድ አይደለም። ከዚያም ቁልፉ ነገር ይመጣል፦ «መሬትህ አይነካም» የሚል የጽሑፍ ዋስትና። ይህ ዋስትና በሌለበት አገር የሚደረግ የቅርስ ምዝገባ ሰው እንዲደብቅ የሚያስተምር ምዝገባ ነው።

የመሠረት ድንጋይና የታሪክ ድንጋይ

እኛ ሰሌዳ መትከል አንችልም የሚለኝ ካለ አልቀበልም። በዚህ አገር ድንጋይ ላይ ስም መጻፍ እንደ እኛ የሚወድ የለም። በየወረዳው ሂዱ፤ እብነ በረድ ተተክሏል። «ይህ የመሠረት ድንጋይ በክቡር እገሌ ተቀመጠ» ይላል። ቀን አለው፣ የማዕረግ ስም አለው፣ አንዳንዱ በወርቅማ ቀለም ነው። ሕንጻው የለም፣ እብነ በረዱ ግን አለ። ዙሪያው ሣር በቅሎበታል።

ያንን እብነ በረድ ማሠራት የቻለ ወረዳ «እዚህ ቦታ ይህ ነገር ሆነ» የሚል ሰሌዳ ማሠራት ያቅተዋል? አያቅተውም። ልዩነቱ ሌላ ነው። የመሠረት ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው በሕይወት ያለ ባለሥልጣን ስም ነው። የታሪክ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ግን ማንንም ሊሾም ወይም ሊሽር የማይችል፣ ከሞተ መቶ ዓመታት የሆነው ሰው ነው። የበጀት ጥያቄ አይደለም ለማለት ነው። የትኩረት ጥያቄ ነው።

ጥንት ሰሌዳ ባልነበረበት ዘመን ሕዝብ ራሱ መላ ነበረው። በስም ይመዘግብ ነበር። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ «ባልጩት» የሚባል ቦታ አለ። ባልጩት ምን እንደሆነ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ጥቁር አንጸባራቂ ድንጋይ ነው። የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን የሠሩት ከዚያ ቦታ ባልጩት ነው። «መልካ» ደግሞ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ስሙ ራሱ ሰሌዳ ነበር! ሁለቱም ቦታዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሳይንቲስት ከመምጣቱ በፊት ስሙ ጠቁሞ ነበር። አሁን ግን የቦታ ስም በ«ቀበሌ 03» እና በ«ሳይት 2» እየተተካ ነው። ስሙ የጠፋ ቦታ ሰሌዳ ካልተተከለለት የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

ምን ብለን እንጻፍ?

እዚህ ጋ ነው ከባዱ ጥያቄ። ሰሌዳ ማቆም ቀላል ነው፤ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጻፍ መስማማት ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ምሳሌ ላንሳ።

አንደኛ፣ ጢያ ራሱ። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ከኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ያያይዛቸዋል። ኢማም አህመድ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ተመራማሪዎች ደግሞ ድንጋዮቹ ከዚያ ይቀድማሉ ይላሉ። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ምን እንጻፍ? አንዱ «የሕዝቡ አፈ ታሪክ ስህተት ነው፣ ይውጣ» ይላል። ሌላው «ሕዝቡ ያለው ይጻፍ፣ ፈረንጅ ምን ያውቃል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለቱም ይጻፉ፣ ግን ማን እንዳለው ተለይቶ። «የአካባቢው ነዋሪዎች የግራኝ ድንጋይ ይሉታል። ጥናቶች ግን ከኢማም አህመድ ዘመን በፊት እንደቆመ ያመለክታሉ።» አለቀ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁ ሁለቱንም ያነባል፤ አያቱ የሚሉትንም ያከብራል፣ ጥያቄም ይጠይቃል። የአያቱ ቃል ራሱ ታሪክ ነው። ሕዝቡ ያየውን ትልቅ ድንጋይ ሁሉ ለምን ከዚያ ጦርነት ጋር አያያዘው? ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ጠባሳ ትቶ እንዳለፈ የሚናገር ነገር አለው።

ሁለተኛ፣ ጌዴኦ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ አካባቢ ያሉ ትክል ድንጋዮች ለብዙ ጊዜ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደቆሙ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በሚባለው ቦታ ያሉት እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ እንደሚሄዱ አሳየ። 1 ሺህ ዓመት ገደማ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ! ከዚያ በፊት በእብነ በረድ ላይ የተጻፈ ቀን ቢኖር ዛሬ ስህተት ነበር። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሰሌዳ ላይ የተጻፈበት ዓመት ይኑር፤ የሚቀየርም ይሁን። ሰሌዳ ቃለ እግዚአብሔር አይደለም። ጥናት ሲያድግ አብሮ ይታደሳል።

ሦስተኛ፣ ውጫሌ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በሚባል ቦታ ነው። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ አንቀጽ 17 ላይ አንድ ነገር አልተናገሩም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣሊያንኛው የግድ አደረገው። ከዚያ የመጣውን ሁላችን እናውቃለን፤ ዐድዋ ድረስ ወሰደን። አንድ ቃል ጦርነት እንዳስነሳ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። ስለዚህ ሰሌዳ በአማርኛ፣ በአካባቢው ቋንቋና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስቱ አንድ ነገር መናገራቸውን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ለቱሪስቱ አንድ ታሪክ፣ ለአገሬው ሌላ ታሪክ፣ ለጎረቤት ብሔር ሦስተኛ ታሪክ እየጻፍን አብረን መኖር አንችልም።

«ሰሌዳ ጸብ ያመጣል»

ይህን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፣ አቃልዬም አላየውም። «አገሩ በማንነት ጥያቄ ተወጥሯል፤ አሁን ደግሞ በየማሳው ታሪክ ስትጽፍ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው» ይሉኛል።

አንድ ጥያቄ ልመልስላችሁ። ሰሌዳ ስለሌለ ጸቡ ቀረ? አልቀረም። ሰሌዳ የሌለበትን ባዶ ቦታ የሚሞላው ዝምታ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሚሞላው ስልኩን ይዞ ድንጋዩ ፊት ቆሞ «ይህ የእኛ ብቻ ነው፣ እነዚያ መጤ ናቸው» እያለ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ሰው ነው። እሱን የሚሞግት ሦስት መስመር እንኳ ቦታው ላይ የለም። በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ምንጩን የሚናገር፣ ያልታወቀውን «እስካሁን አልታወቀም» የሚል ሰሌዳ ጸብ ያበርዳል እንጂ አያቀጣጥልም።

ደግሞም ድንጋዮቹ ራሳቸው የእኛን የካርታ መስመር አያውቁም። ትክል ድንጋይ ጉራጌ አለ፣ ኦሮሚያ አለ፣ ሲዳማ አለ፣ ጌዴኦ አለ። ያቆሟቸው ሰዎች የዛሬውን የክልልና የዞን ስም አልሰሙም። እነሱን ጎትቶ አምጥቶ የዛሬ ክርክር ውስጥ ምስክር ማድረግ ግፍ ነው። ጥሩ ሰሌዳ ማለት ይህን ግፍ የማይፈጽም ሰሌዳ ነው። «የእኛ» የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ አያስፈልግም። ምን፣ መቼ፣ ማን፣ እንዴት አወቅን፤ ይህ ይበቃል።

ሌላ ተቃውሞም አለ፣ ይህኛው የበለጠ ተግባራዊ ነው። «ሰሌዳ ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው» ይላሉ። እውነት አለው። ብራና፣ ታቦት፣ ነዋየ ቅድሳት ወይም ያልተቆፈረ መቃብር ያለበትን ቦታ በቀስት ማሳየት ሞኝነት ነው። ለዚህ ነው ከላይ «ሰሌዳና መዝገብ» ያልኩት። የማይንቀሳቀስና ሁሉም የሚያየው ነገር ሰሌዳ ይተከልለት። የሚሰረቀው ደግሞ በፎቶና በልክ ተመዝግቦ መዝገቡ ይቆለፍበት። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

«ሰው እየሞተ ስለ ድንጋይ?»

በጣም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። በዚህ ዓመት እንጀራ የከበደበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ የሚወዱትን የቀበሩ አንባቢዎች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ለእነሱ ስለ ትክል ድንጋይ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አልቆጣም።

ግን ሰውና ቅርስ ተነጣጥለው እንደማይጠቁ በዓይናችን አየን። በሰሜኑ ጦርነት ሰው ባለቀበት አገር የነጋሹ አል ነጃሺ መስጊድም ተመታ። ሰው ሲፈናቀል ቦታውን የሚያውቁት ሽማግሌ አብረው ይሄዳሉ። ሽማግሌው መጠለያ ውስጥ ሲያርፉ የሚቀበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ «ይህች ጉብታ እንዲህ ናት» የሚለው ዕውቀት አብሮ ይቀበራል። ከሰላም በኋላ እናደርገዋለን ስንል የሚናገረው ሰው አይጠብቀንም። ማዳበሪያ ይቅርና ሰሌዳ ይተከል የሚል የለም። ነገር ግን አንድ ወረዳ ለአንድ ቀን ስብሰባ ለውሃና ለሻይ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ሰሌዳ ያሠራል። ከሰው አፍ አውጥተን ለድንጋይ አንሰጥም፤ ከባነርና ከቲሸርት ላይ ነው የምንወስደው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

አሜሪካ ውስጥ መኪና የነዳችሁ የዲያስፖራ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ፤ በገጠር መንገድ ዳር የብረት ሰሌዳ ቆሞ ታያላችሁ። ቨርጂኒያ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች አሉ። ቴክሳስ 254 ካውንቲ አላት፤ ካውንቲ ማለት በእኛ ወረዳ እንደማለት ነው። የሥራው መነሻም ካውንቲው ውስጥ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮሚሽን ነው። አንድ ሰው «እዚህ ቦታ ሰሌዳ ይገባል» ካለ ማስረጃ ሰብስቦ ያቀርባል። ማስረጃው ይመረመራል፣ ጽሑፉ ይታረማል፣ ከዚያ ይተከላል። ማስረጃ የሌለው አይተከልም።

የምንወስደው ይህን አሠራር ነው፤ ሁሉንም ግን አይደለም። እዚያ ማመልከቻ የሚያቀርበውና ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው ራሱ ጠያቂው ነው። ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ታሪክ ቀድሞ ብረት ላይ ወጣ። የድሮዎቹ ሰሌዳዎች የጄኔራሎችን፣ የባለ ርስቶችንና የመጀመሪያ ሰፋሪዎችን ስም ሲያወሱ፣ በባርነት የተያዙትንና መሬታቸውን የተነጠቁትን ነባር ሕዝቦች ዘነጉ። ያንን ለማረም ዛሬም ድረስ ይደክማሉ። እኛ ገና ስላልጀመርን ይህን ስህተት አለመድገም እንችላለን። የወረዳው የመጀመሪያ አሥር ሰሌዳዎች የደጃዝማች ግቢ ብቻ ሳይሆኑ የሸማኔው፣ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ መንደርም ይሁኑ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ለአስተማሪዎች፣ ለዕድርና ለልማት ማኅበር መሪዎች የምለው ይህ ነው።

1. ዝርዝር ሥሩ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። በየቀበሌው ሦስት ሽማግሌና ሁለት እናት ጠይቁ፦ «እዚህ አካባቢ ልጅ የማያውቀው፣ እናንተ የምታውቁት ቦታ የት ነው?» ስሙን አያት እንደሚጠሩት ጻፉ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በስልክ ካርታ ያዙ። ተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ይሠራዋል። የታሪክ አስተማሪው እንደ ቤት ሥራ ይስጠው።

2. በየዓመቱ አምስት ብቻ ምረጡ። 160 በአንድ ጊዜ አይቻልም። መጀመሪያ የሚመረጠው የሚያምረው ሳይሆን አደጋ ላይ ያለው ነው፦ መንገድ የሚወጣበት፣ ካባ የተከፈተበት፣ ከተማ እየሰፋ የመጣበት።

3. ጽሑፉን በአደባባይ አውጡ። ከመተከሉ በፊት ለአንድ ወር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ይለጠፍ። የሚቃወም ይቃወም፣ ማስረጃ ያለው ያምጣ። በአቅራቢያ ያለ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ወይም የአርኪዮሎጂ ክፍል ይየው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና የክልሉ ቢሮም ይወቁት፤ ያለ እነሱ መቆፈር ቀርቶ ድንጋይ ማቅናት እንኳ አይፈቀድም።

4. ሰሌዳው ላይ የባለሥልጣን ስም አይኑር። አንድም። የቦታው ስም፣ የሆነው ነገር፣ እንዴት እንደታወቀ፣ የተጻፈበት ዓመት። ከመቶ ቃል አይብለጥ። መንገደኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው።

5. ባለ ማሳውን ከመጀመሪያው አስገቡ። ዋስትናውን በጽሑፍ ስጡት፤ የጥበቃ ክፍያውን ቁረጡለት። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኝው እሱ ወይም ልጁ ይሁን። ድንጋዩ ለቤቱ ቡና መጠጫ ካስገኘ ከማንም ዘበኛ በላይ ይጠብቀዋል።

6. የመንገድ ሥራ ውል ሲፈረም ዝርዝሩ ለኮንትራክተሩ ይሰጠው። የዶዘሩ ሹፌር እጅ ውስጥ ካርታው ይግባ።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለሚለኝ መልሱ እዚያው መንገድ ላይ አለ። በ1950ዎቹ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር መሥርተው ነበር። መርካቶ የሚነግደውም፣ አገር ቤት የሚያርሰውም አዋጥቷል። መንግሥት እስኪያስብልን አንጠብቅም ብለው መንገድ ያወጡ ሰዎች ልጆች ሰሌዳ ማሠራት አያቅታቸውም። እንዲያውም የመጀመሪያው ሰሌዳ ለእነሱ ቢቆም ደስ ይለኛል። «ይህን መንገድ ለማውጣት ሕዝብ ከኪሱ አዋጣ» የሚል። ዛሬ በዚያ መስመር ስንት ሺህ ሰው በየቀኑ ያልፋል! ስንቱ ያውቀዋል? ታሪክ ማለት የ800 ዓመት ድንጋይ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ያዋጡት ብርም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደውን የአክሱም ሐውልት ከሮም ለማስመለስ፣ በ2005 እስኪመለስ ድረስ ተሟገትን። ደግ አደረግን። ለአሥርት ዓመታት ስለ አንድ ድንጋይ ዝም ያላለ ሕዝብ፣ ደጁ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች በዝምታ ሊያጣ አይገባም። ያኛውን የወሰደው ባዕድ ስለነበር ቁጣችን ቀላል ነበር። እነዚህን የሚወስድብን ማረሻ፣ ካባና የራሳችን ቸልታ ነው፤ የምንከሰው ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ለአገር ቤት ስትደውሉ፣ ከጤናና ከዝናብ ጥያቄ ቀጥላችሁ አባባን ወይም እማማን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «እኛ ሰፈር አጠገብ ያለው ያ ቦታ ስሙ ማን ነበር? ለምን እንዲያ ተባለ?» የነገሯችሁን ጻፉት። ከቻላችሁ ደግሞ ለወረዳው ታሪክ አስተማሪ ላኩለት። ሰሌዳው ሊዘገይ ይችላል፤ ስሙ ግን ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ የሚነግራችሁ አይኖርም።

ሐሳባችሁን አስተያየት ላይ ጻፉ። የወረዳችሁን ስም አስቀድሙ፤ ከዚያ የቦታውን። እኔም አነባለሁ፣ ሌላውም ይማርበታል።

ቸር ያሰንብተን!